«ነጭ ጋዝ» የተባለው ጣሳ
ወደ ዮርዳኖስ ለሚወርዱ ተሳላሚያን ስለ ምድጃና ስለ ነዳጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዓለ ጥምቀት በቀረበ ቁጥር በየዓመቱ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። «አባ፥ ወደ ኢያሪኮ ስንወርድ በምን እናበስላለን? የትኛውን ነዳጅ እንግዛ?» ይሉኛል። አንዳንዱ ቤንዚንም ላምባም ያነድዳል የተባለለትን ትንሽ ምድጃ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በሻንጣው ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱም እዚሁ ከገበያ በርካሽ ይገዛዋል። ጥያቄው ከጸሎትና ከሥርዓት ጥያቄ ጋር ሲተያይ ታናሽ ይመስላል። እኔም ቀድሞ ታናሽ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚሁ ጥያቄ ምክንያት የአንዲት እናት እጅ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጥፋቱም የሌላ የማንም ሳይሆን የእኔ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ መልሱን በጽሑፍ ላኖርላችሁ ወደድሁ።

አስቀድሜ ስለ መንገዱ ልናገር፤ ነዳጅን ያለ ስፍራው መምረጥ አይቻልምና። በወንጌል የተነገረለት ያ መንገደኛ ወንበዴዎች ያገኙት ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ነው። «ወረደ» መባሉ ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም፤ መንገዱ በእውነት ቁልቁለት ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች፤ በዮርዳኖስ ዳር ያለው የጥምቀት ስፍራ ከእርስዋም ይልቅ ዝቅ ይላል። በግማሽ መንገድ ላይ የባሕሩን ልክ የሚያመለክት ምልክት ቆሟል፤ እዚያ ሲደርስ ጆሮው የማይደፈን ተሳላሚ ጥቂት ነው። በስተግራ በኩል፥ በወዲ ቀልጥ ገደል ላይ የተጣበቀው የግሪኮች የቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳም አለ፤ በመንገዱ አጠገብ ደግሞ የደጉ ሳምራዊ ማደሪያ የሚባለው ስፍራ ይታያል። በጥር ወር ኢየሩሳሌም ብርድና ዝናብ ይፈራረቁባታል፤ አንዳንድ ዓመት በረዶም ይጥላል። በኢያሪኮ ግን በዚያው ቀን የለበሱትን ጋቢ አውልቀው በክንድዎ ይይዙታል። በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከክረምት ወደ ጸደይ እንደ መውረድ ነው።

በቀድሞው ዘመን ተሳላሚው በወረደበት እንጨት ለቅሞ፥ ሦስት ጉልቻ ጎልቶ ያነድድ ነበር። ዛሬ ይህ አይቻልም፤ ምክንያቱንም ሁላችሁ እንድታውቁት እሻለሁ። በዮርዳኖስ ዳር ያለው ምድር እ.ኤ.አ. ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ፈንጂ ተቀብሮበት ታጠረ። የእኛን ጨምሮ የየአብያተ ክርስቲያናቱ ገዳማት በአጥሩ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተዘግተው ኖሩ። የጥምቀቱ ስፍራ ለሕዝብ በሰፊው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፥ በገዳማቱ ዙሪያ የተቀበረውን ፈንጂ የማንሣቱ ሥራ የተጀመረው በ2018 ነው። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፦ ለአንድ እቅፍ ጭራሮ ብላችሁ ከመንገድ አትውጡ፤ አጥርም አትሻገሩ። በወንዙ ዳር የበቀለውም ሸምበቆ በደረቀ ጊዜ አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል። በወንዙ ዳር ፈጽሞ እሳት አይነድድም፤ ምግብ የሚበስለው በኢያሪኮ በማደሪያው ግቢ ብቻ ነው። የምድጃው ጥያቄ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሃያ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። የጥምቀት ዋዜማ፥ የገሀድ ጾም ዕለት ነበር። ከአሜሪካ የመጣ አንድ ደግ ተሳላሚ ልዩ ልዩ ነዳጅ የሚያነድድ ትንሽ ምድጃ ይዞ ነበር። ነዳጁን በአውሮፕላን ማምጣት ስለማይቻል፥ ኢየሩሳሌም ከገባ በኋላ ለመንገደኞች ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አንድ ጣሳ ገዛ። በጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ቢያቅተኝ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። እርሱም በእንግሊዝኛ ስሙን ነገረኝና «ትርጉሙ ነጭ ጋዝ ማለት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቃል በቃል ሲተረጐም እንዲያ ነው። እኔም ዕቃው ከሌላው እንዳይቀላቀል ብዬ ወረቀት ቆረጥሁና በቁም ጽሕፈት «ነጭ ጋዝ» ብዬ ጽፌ በጣሳው ላይ ለጠፍሁበት። ፊደሉ እጅግ ያማረ ነበር።

እንግዲህ በሀገራችን ነጭ ጋዝ የሚባለው ላምባ ነው፤ በኩራዝና በባለ ክር ቡታጋዝ የሚነድደው። አሜሪካኖች በዚያ ስም የሚጠሩት ግን የተጣራ ቤንዚን ነው። በኢያሪኮ ምግብ የምታሰናዳልን እማሆይ ለማታው ሽሮ ልትጥድ ብላ ቡታጋዙን ብታየው ነዳጁ አልቋል። ዘወር ስትል «ነጭ ጋዝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጣሳ አየች፤ ጽሕፈቱም የአባ ነው። በእምነት ቀዳችው፤ ክሩን ለኮሰችው። ጥቂት ደቂቃ በደኅና ነደደ። ታንኩ እየሞቀ ሲሄድ ግን በውስጡ ያለው ቤንዚን ተነነ፤ እሳቱም ከክሩ አልፎ ምድጃውን በሙሉ ጠቀለለው። ድምፁን ሰምተን ስንሮጥ ነበልባሉ ከቁመቷ በላይ ወጥቶ ነበር። አንድ ዲያቆን አሸዋ በመዘፍዘፊያ አምጥቶ አፈሰሰበት፤ እኔ የነጠላዋን እሳት በረጠበ ጋቢ አፈንሁት። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን እስከ ክርኗ ተቃጠለ። ያን ሌሊት ማኅሌቱ በወንዙ ዳር ሲቆም እኔ በሐኪም ቤት ደጅ ነበርሁ።

በማግስቱ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ስጠይቃት «ፊደሉስ ትክክል ነበር፥ አባ» አለችኝ። ለማጽናናት ነበር ያለችው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ስሰማው እኖራለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ቃል ስንት ትርጓሜ እንደሚወጣለት ስማርና ሳስተምር ኖሬ፥ በዚያች ቀን አንዱን ቃል በአንድ ትርጓሜ ብቻ ተቀብዬ በጣሳ ላይ ለጠፍሁት። በመጻሕፍት ትርጓሜ «አንድም» እያልን ስንሄድ ትርጓሜዎቹ ተስማምተው በአንድነት ይኖራሉ። በነዳጅ ጣሳ ውስጥ ግን ሁለተኛ «አንድም» የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ነዳጅን በስሙ አትግዙ፤ ጠባዩን አውቃችሁ ግዙ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የነዳጅን ስም ግን ያወጣው ነጋዴ ነው፥ በየሀገሩም ይለያያል። የስሞቹን ዝብርቅ ተመልከቱ። እኛ በአማርኛ ናፍጣ የምንለው የከባድ መኪና ነዳጅ ነው። እዚህ በዕብራይስጥ «ነፍጥ» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚቀዱላችሁ ላምባ ነው። ናፍጣውን ዕብራይስጡም ዐረብኛውም «ሶላር» ይለዋል። በዐረብኛ ላምባን የዚህ አገር ሰው «ካዝ» ይለዋል፤ «ጋዝ» ካላችሁት ግን የሲሊንደሩን ጋዝ ያመጣላችኋል። ወደ ግብፅ ስትሻገሩ ደግሞ ልክ እንደ እኛ «ነጭ ጋዝ» ሲሉ ላምባ ማለታቸው ነው። ብዙ ሳይለዋወጥ የሚገኘው ቤንዚን የሚለው ስም ብቻ ነው። «ነፍጥ» የሚለው ቃል ጥንታዊ ነው፤ በባቢሎን ለሠለስቱ ደቂቅ የተዘጋጀውን እቶን ያነድዱ የነበሩ ሰዎች ከዝፍትና ከጭራሮ ጋር የጨመሩት ነፍጥ ነበር። ኋላ ባሩድና ጠመንጃ በዚያው ስም ተጠሩ። አንድ ቃል ከእቶን ተነሥቶ ጠመንጃ ዘንድ የደረሰ ከሆነ፥ በጣሳ ላይ ተለጥፎ ሲገኝ ልንጠራጠረው ይገባል።

ጠባዩን እንዴት እናውቃለን? ከእሳት ርቃችሁ፥ በውጭ ሆናችሁ በነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ ጣሉ። ቤንዚን ፈጥኖ ይተንናል፤ ቅባቱም አይቀርም። ላምባ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ለጊዜውም የቅባት ጥላ ይተዋል። ናፍጣ ከሁሉ ይልቅ ይቆያል፤ ጣት ላይም ይሙለጨለጫል፤ ሽታውም በሳሙና ቶሎ አይለቅም። ይህች ትንሽ ፈተና የእማሆይን እጅ ታድነው ነበር።

አሁን እያንዳንዱን በየተራው እንመልከት።

ላምባ። ለኢያሪኮ ጉዞ የምመርጠው ይህን ነው። የላምባ ትነት በእሳት ብልጭታ የሚያያዘው ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ የቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ ይያያዛል። ስለዚህ በጥር ቅዝቃዜ ላምባ ቢፈስስባችሁ ለመጥረግ ጊዜ ታገኛላችሁ፤ ቤንዚን ጊዜ አይሰጥም። ነገር ግን ልብ በሉ፦ በበጋ የኢያሪኮ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያን ጊዜ ላምባም ትዕግሥቱን ያጣል፤ ለፍልሰታ ወይም ለሌላ በዓል በበጋ የምትወርዱ እንደ ቤንዚን አድርጋችሁ ጠብቁት። ጉድለቱ ለመለኮስ ማስቸገሩ፥ መሽተቱና ድስት ማጥቆሩ ነው። ዛሬ በየማደያውም አይገኝምና ከኢየሩሳሌም ሳትወጡ አስቀድማችሁ ፈልጉት።

ቤንዚን። በየማደያው ይገኛል፤ በቀላሉ ይለኮሳል፤ ለዚህም ነው ብዙዎች የሚመርጡት። ነገር ግን የመኪና ቤንዚን ለሞተር እንጂ ለወጥ የተሠራ አይደለም፤ የተጨመሩበት ቅመሞች የምድጃውን ቀጭን ቱቦ ይደፍናሉ፥ ትነቱም ለጤና ክፉ ነው። ለምድጃ ተብሎ በጣሳ የሚሸጠው የተጣራው ቤንዚን፥ ያ እኔ «ነጭ ጋዝ» ብዬ የጻፍሁበት፥ ንጹሕ ነው፤ ድስት አያጠቁርም፥ ቱቦም አይደፍንም። ዋጋው ግን ውድ ነው። ሁለቱም ግፊት ባለው ለእነርሱ በተሠራ ምድጃ ብቻ ይነድዳሉ። በባለ ክር ቡታጋዝና በኩራዝ አንድ ጠብታም ቢሆን አይገባም።

ናፍጣ። ርካሹ ምድጃ በሚሸጥበት ሣጥን ላይ ናፍጣም ያነድዳል ተብሎ ይጻፋል። ያነድዳል፤ ግን ጥላሸቱ ብዙ ነው፥ ለመለኮስም እጅግ ያስቸግራል፥ ቀዳዳውንም ቶሎ ይደፍናል። ሌላ ሁሉ ሲጠፋ ካልሆነ በቀር አትግዙት።

የሚነድድ አልኮል። በባዶ ቆርቆሮ ውስጥ እንኳ ይነድዳል፤ ሽታው ቀላል ነው፥ በውኃም ይጠፋል። ሙቀቱ ግን በክብደት ሲመዘን ከላምባው ወደ ስድስት ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ለሻይ እንጂ ለብዙ ሰው ሽሮ አይሆንም። ነበልባሉም በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ የጠፋ መስሎት የሚጨምርበት ሰው እሳቱ ወደ እጁ ይዘልልበታል። ግፊት ባለው ምድጃ ጠርሙስ ውስጥም አይጨመርም።

በትንሽ ጣሳ የታሸገ ጋዝ። ለጀማሪና ለአረጋውያን ከሁሉ የቀለለ ይህ ነው፤ አይፈስስም፥ ማሞቅ አይሻም። ለዮርዳኖስ ይበቃል። ወደ ደብረ ሲና ለሚቀጥሉ ግን አስጠነቅቃለሁ። የቅድስት ካትሪን ገዳም ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሙሴ ሕጉን የተቀበለበት ተራራ ራስ 2,285 ሜትር ይደርሳል። በክረምት ሌሊት ውኃ ይረጋል። ቡቴን የሚባለው ጋዝ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲቃረብ መትነን ያቆማል፤ ጣሳው ሙሉ ሆኖ ሳለ እሳቱ ይከስማል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል፤ ከሁሉ የማይከዳው ግን በደንብ የሞቀ የላምባ ምድጃ ነው።

የምድጃውን አሠራር ያወቀ አይሳሳትምና ጥቂት ልጨምር። በጠርሙሱ ያለው ነዳጅ በፓምፑ አየር ተገፍቶ በቱቦ ይሄዳል። ቱቦው በእሳቱ ላይ ስለሚያልፍ ነዳጁ ይግልና ወደ ትነት ይለወጣል። ትነቱ በቀጭን ቀዳዳ ወጥቶ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። ስለዚህ ምድጃው ሳይሞቅ ቢከፈት የሚወጣው ትነት ሳይሆን ፈሳሽ ነው፤ ያን ጊዜ ቢጫ ነበልባል ወደ ላይ ይዘልላል። ላምባ ከቤንዚን ይልቅ ረዘም ያለ ማሞቅ ይሻል። ማሞቂያውን በጥቂት አልኮል ብታደርጉት ጥላሸቱ ይቀንሳል። ውድ የሆኑት ምድጃዎች ለላምባ ጠበብ ያለ፥ ለቤንዚን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ለየብቻ አላቸው። ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ያላቸው አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ያነድዳሉ፥ ሁሉንም ግን እኩል አያነድዱም። ድሃ ተሳላሚ በዚህ አይዘን፤ አንድ ነዳጅ መርጦ በዚያው ይጽና። ዛሬ ቤንዚን፥ ነገ ላምባ እያሉ በአንድ ጠርሙስ መቀያየር ምድጃውንም ባለቤቱንም ይጎዳል።

የገዳሙን ልማድም ላስታውሳችሁ።

ከመውረዳችሁ በፊት ምድጃውን በኢየሩሳሌም በግቢ ውስጥ ሞክሩት፤ ጎሚኒው የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ እንደሆነ ለውጡት። ርካሽ ምድጃ አስቀድሞ የሚያንጠባጥበው ከዚያ ነው።

ጠርሙሱን ከሦስት አራተኛ በላይ አትሙሉት፤ ለአየሩ ስፍራ ይቅር። ምድጃው እየነደደ ወይም ትኩስ ሳለ ነዳጅ አትጨምሩ።

በድንኳን፥ በመኝታ ክፍልም ሆነ በዴር ሡልጣን ጎጆዎች ውስጥ በነዳጅ ምድጃ አታንድዱ። እነዚያ ጎጆዎች ጠባብና ዝቅ ያሉ ናቸው። ከእሳቱ የሚወጣው መርዘኛ ጭስ አይታይም፥ አይሸትም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ይህ ለተሳላሚ ብቻ ሳይሆን ለእኛ ለነዋሪዎቹም ነው፤ በብርድ ሌሊት መፈተናችን አይቀርምና።

አንድ መዘፍዘፊያ አሸዋና አንድ የረጠበ ወፍራም ጨርቅ በአጠገባችሁ ይኑር። የነዳጅ እሳት ላይ ውኃ አትድፉ፤ ነዳጁን ተንሳፍፎ እንዲሄድ ያደርገዋልና።

ወደ ሀገራችሁ ስትመለሱ ነዳጅም የጋዝ ጣሳም በአውሮፕላን አይወሰድም። የተረፈውን በመሬት ላይ ወይም በወንዙ አታፍስሱ፤ ለገዳሙ መጋቢ አስረክቡ። ምድጃውን አጥባችሁ፥ ሽታው እስኪለቅ አናፍሳችሁ፥ አየር መንገዳችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻም ስለ ጽሑፉ። ከዚያች ዓመት ወዲህ በኢያሪኮ ዕቃ ቤት ያለ ጣሳ ሁሉ በአማርኛ፥ በዐረብኛና በዕብራይስጥ ይጻፍበታል። የምንጽፈውም ስሙን ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሚሆንና ለምን እንደማይሆን ነው። «ለባለ ክር ቡታጋዝ ይሆናል» ወይም «ለቡታጋዝ አይሆንም፤ ይፈነዳል» ይላል። ማንበብ ለማይችሉትም በአደገኛው ላይ ቀይ ጨርቅ እናስርበታለን። ይህን ሥርዓት ያወጣችው እማሆይ ራስዋ ናት። እጇ ከዳነ በኋላ ወደዚያው ምድጃ ተመለሰች፤ ጣቶቿ በደንብ ባይታጠፉላትም እስክታርፍ ድረስ ለስንት ጥምቀት ለተሳላሚው ሽሮ ሠርታለች። አዲስ ጣሳ በመጣ ቁጥር ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ከመለጠፌ በፊት ግን ለእርስዋ አነብብላት ነበር፤ ትሰማኝና «ሌላ ሰው ቢያነብበውስ ምን ይመስለዋል፥ አባ?» ትለኝ ነበር። ይህን ጥያቄ ከጉባኤ ቤት ይልቅ ከማዕድ ቤት ተማርሁት። ዘንድሮ የምትወርዱ ተሳላሚያን፥ ከመለኰሳችሁ በፊት እናንተም ጠይቁት።

እግዚአብሔር በሰላም አውርዶ በሰላም ይመልሳችሁ። የእማሆይን ነፍስ ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥
ወለወላዲቱ ድንግል፥
ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።